ባዶ መልስ ምን ማለት ነው? የሕክምና መዝገብ ለሚያነብ ኤጀንት የመሣሪያ መግለጫ ስጽፍ የያዝኩት ማስታወሻ

ቀን 1

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ሐኪም ይጠይቃል፣ ኤጀንቱ፣ ማለትም መሣሪያ እየጠራ የሚሠራው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም፣ የታካሚውን መዝገብ አይቶ ይመልሳል። ግን መዝገቡ ውስጥ ዘው ብሎ አይገባም። የሚገባው እኛ በሠራንለት መሣሪያ፣ ማለትም እሱ በሚጠራው ትንሽ ፕሮግራም በኩል ነው። መሣሪያውን ደግሞ የሚያውቀው በስሙ፣ በመግለጫውና በሚሞሉት መስኮች ብቻ ነው። ኮዱን አያይም። አጠገቡ ተቀምጦ "ይሄኛው እኮ እንዲህ ነው" የሚለው ሰው የለም። መግለጫው ያልነገረውን ከራሱ ይሞላዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

መዝገቡ የተቀመጠው በፋየር ነው፤ ኤችኤል ሰቨን የሚባለው ድርጅት ባወጣው የጤና መረጃ መለዋወጫ ደንብ፣ በአራተኛው እትም። እዚያ እያንዳንዱ ነገር የራሱ ሳጥን አለው። ታካሚው አንድ ሳጥን፣ የላብ ውጤት አንድ፣ አለርጂ አንድ፣ ማዘዣ አንድ። መሣሪያዎቹ ከኤጀንቱ ጋር የሚገናኙት በኤምሲፒ ነው፤ ኤጀንትን ከመሣሪያዎች ጋር ለማገናኘት በወጣ ደንብ። ታካሚዎቹ እውነተኛ ሰዎች አይደሉም። ሲንቲያ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የፈጠራቸው ናቸው፤ አንዳንዶቹ ላይ እኔ ራሴ የጨመርኩት ነገር አለ። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች ማንንም አልጎዱም።

የተረከብኩት 14 መሣሪያ ነው። መግለጫዎቻቸው ፕሮግራመር ለራሱ ማስታወሻ ብሎ ኮዱ ላይ ጫር ያደረጋቸው ይመስላሉ። የአለርጂው "የታካሚውን አለርጂ ይመልሳል" ይላል። የላቡ "የላብ ውጤቶችን ይፈልጋል"። በቃ፣ ይሄው ነው።

ምንም ሳልነካ 30 ጥያቄ አዘጋጀሁ። ብቻዬን አይደለም። ረጅም ዘመን ዋርድ ላይ የሠሩ አንዲት ነርስ ሥራው ላይ አብረውኝ አሉ፤ ሁላችንም "ሲስተር" ነው የምንላቸው። ጥያቄዎቹን በብዛት ያወጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ብቻዬን ባወጣቸው ኖሮ መሣሪያው የሚመልሳቸውን ጥያቄዎች እየመረጥኩ ነበር የምጽፈው።

ቀን 2

የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች አስሮጥኩ። ኤጀንቱ ስለ አንድ ታካሚ "ምንም የላብ ውጤት የለውም" አለ። ውጤቶቹ ግን ተደርድረው ተቀምጠዋል።

ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። መሣሪያው "የታካሚ መለያ" የሚል መስክ አለው። ሐኪሙ በጥያቄው ውስጥ የካርድ ቁጥር ሰጥቷል። ኤጀንቱም የካርድ ቁጥሩን እዚያ መስክ ላይ ከተተው። ሰው ቢሆንም ያንኑ ያደርጋል። መዝገቡ የተቀመጠበት ሰርቨር ግን የሚፈልገው የራሱን የውስጥ መለያ ነው። እንዲህ ያለ መለያ ሲያጣ "ታካሚው የለም" አይልም፤ የፍለጋው ውጤት ባዶ ነው ብሎ ይመልሳል።

መስኩን "የውስጥ መለያ" አልኩት። መግለጫው ላይ "የካርድ ቁጥር አይደለም፤ መጀመሪያ ታካሚ መፈለጊያውን ጥራና ከዚያ የተመለሰውን አስገባ" ብዬ ጨመርኩ። የማይታወቅ መለያ ሲገባም መሣሪያው በግልጽ "እንዲህ ያለ ታካሚ የለም" እንዲል አደረግኩ። መፈለጊያው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አከልኩ፦ በአንድ ስም ከአንድ ሰው በላይ ከተገኘ አትምረጥ፣ የትውልድ ቀን ጠይቅ።

ቀን 3

የዛሬውን ዘርዘር አድርጌ ልጽፈው።

ጥያቄው የሲስተር ነው። "ይህች ታካሚ የሳንባ ምች ይዟታል። አሞክሲሲሊን ላዝላት ነው። የሚከለክል አለርጂ አላት?" ኤጀንቱ የአለርጂውን መሣሪያ ጠራ። መሣሪያው ባዶ ዝርዝር መለሰ። ኤጀንቱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦

"ታካሚዋ ምንም ዓይነት አለርጂ የለባትም። አሞክሲሲሊን መስጠት ይቻላል።"

አለርጂ ግን ነበረባት። ከሁለት ዓመት በፊት በነበረ የሐኪም ማስታወሻ ውስጥ፣ በረጅም አንቀጽ መሀል፣ "ፔኒሲሊን ተሰጥቷት ፊቷ አብጦ፣ ሰውነቷ ሽፍ ብሎባት ነበር" የሚል መስመር አለ። እኔው ነኝ ያስገባሁት። አሞክሲሲሊን የፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው። እንደሚሳሳት ጠብቄ ያዘጋጀሁት ፈተና ነው፤ ቢሆንም መልሱን እንዲያ በእርግጠኝነት ተጽፎ ሳየው ደነገጥኩ።

ስክሪኑን ለሲስተር አዞርኩላቸው። "እርስዎ ይሄ ቦታ ባዶ ሆኖ ቢያገኙት ምን ይሉ ነበር?"

"አልተጠየቀችም እላለሁ" አሉ። "ወይ ተጠይቃ አልተጻፈም። ወይ የጻፈው ልጅ ሌላ ቦታ ጽፎታል። ልጄ፣ አለርጂ የለም የሚባለው 'የለም' ተብሎ ሲጻፍ ነው።"

ፋየርም የሚለው ይሄንኑ ነው። "የታወቀ አለርጂ የለም" ራሱን ችሎ የሚመዘገብ ነገር ነው፤ ለሕክምና ቃላት ቁጥር በሚሰጠው ስኖሜድ ሲቲ ቁጥሩ 716186003 ነው። አንድ ሰው ታካሚዋን ጠይቆ፣ "የለብኝም" ስትለው የሚያስገባው። ደንቡ በዚህም አላበቃም። አንድ ዝርዝር ባዶ ሲሆን ለምን ባዶ እንደሆነ የሚጻፍበት መስክ አለው። ከምርጫዎቹ አንዱ "እንደሌለ ታውቋል" ነው። ሌላው "አልተጠየቀም"። ሌላው "እንዳይታይ ተደርጓል"። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይሄን አስበውበታል። ሲስተር በሥራ ያውቁታል። የጠፋው እኛ ጋ ሲደርስ ነው፤ ሁሉንም ወደ አንድ ባዶ ቅንፍ ጨፍልቀን ለኤጀንቱ ሰጠነው።

"ዝም አይነቅዝም" ይባላል። የመዝገብ ዝምታ ግን ይነቅዛል። ዝም ያለውን ነገር አንባቢው በፈለገው ይሞላዋል፣ የተሞላው ነገር ደግሞ ማዘዣ ይሆናል።

መግለጫውን ከሥሩ ጻፍኩት። አሁን እንዲህ ይነበባል፦

"ለታካሚው የተመዘገቡ አለርጂዎችን ያመጣል። ስለ መድኃኒት መስጠት ከመናገርህ በፊት ጥራው። የሚመለሰው ከሦስት አንዱ ነው። አንደኛ፣ የአለርጂ ዝርዝር። ሁለተኛ፣ 'የታወቀ አለርጂ የለም' የሚል መዝገብ፤ ይህ ተጠይቆ የተረጋገጠ ነው። ሦስተኛ፣ 'አልተመዘገበም'፤ ይህ አለርጂ የለም ማለት አይደለም። ሦስተኛው ከመጣ የሐኪም ማስታወሻ መፈለጊያውን ጥራ። እዚያም ካላገኘህ፣ በመዝገቡ ውስጥ የአለርጂ መረጃ እንደሌለና ታካሚው መጠየቅ እንዳለበት ተናገር።"

መሣሪያው ራሱም ባዶ ቅንፍ መመለስ አቆመ። "ሁኔታ፦ አልተመዘገበም" ብሎ በቃል ይናገራል። መግለጫውን ኤጀንቱ ከሥራው መጀመሪያ ላይ ያነበዋል፤ ከዚያ ብዙ ነገር ይከማችበታል። የተመለሰው መልስ ግን ያኔውኑ ዓይኑ ሥር ነው። ዋናው ነገር ሁለቱም ቦታ መነገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ያንኑ ጥያቄ 10 ጊዜ ደገምኩት። በአሥሩም ማስታወሻውን ፈልጎ፣ የፊት እብጠቷን መስመር አውጥቶ፣ ከነቀኑ ጠቀሰው። ሲስተር "እንዲህ ነው እንጂ" ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ቀን 4

ዛሬም ባዶ። "የመጨረሻው የደም ግፊቷ ስንት ነው?" መልስ፦ "የደም ግፊት አልተለካም።" ተለክቷል እንጂ፤ 11 ጊዜ።

ይሄኛው መልኩ ሌላ ነው። ለየምርመራው ቁጥር የሚሰጠው ሎይንክ ነው፤ ሪገንስትሪፍ ኢንስቲትዩት በ1994 እ.ኤ.አ. የጀመረው። የላይኛው ግፊት 8480-6 ነው፣ የታችኛው 8462-4። ኤጀንቱ እነዚህን በቃሉ ያውቃል፤ በ8480-6 ፈለገ። የኛ መዝገብ ግን ግፊትን የሚያስቀምጠው 85354-9 በሚል አንድ ጥቅል ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ከውስጥ ናቸው። ተራው ፍለጋ የጥቅሉን ቁጥር እንጂ ውስጡን አያይም።

መግለጫው ላይ "ግፊት ሲሆን በ85354-9 ፈልግ" ብዬ ልጽፍ ጀምሬ ነበር። ቆም ብዬ ሳስበው ይሄ ለኤጀንቱ የማሸክመው የኛ ጣጣ ነው። ፋየር ጥቅሉንም ውስጡንም አንድ ላይ የሚፈልግ መንገድ አለው። መሣሪያውን በዚያ እንዲፈልግ ቀየርኩት። መግለጫው ላይ አንድም ቃል አልጨመርኩም። መሣሪያውን አስተካክሎ ማለፍ ሲቻል ጠማማነቱን በጽሑፍ ማስረዳት ልክ አይመስለኝም።

ቀን 6

መድኃኒት። ትናንትና ዛሬ ሙሉ የሄደው እዚህ ላይ ነው።

"ታካሚው አሁን ምን መድኃኒት እየወሰደ ነው?" ይሄን የሚመልሱ የሚመስሉ አራት መሣሪያዎች አሉን፤ በፋየርም አራት የተለያዩ ሳጥኖች ናቸው። አንዱ ሐኪም ያዘዘው። ሁለተኛው ከፋርማሲ የወጣው። ሦስተኛው ነርስ በእጇ የሰጠችው። አራተኛው ታካሚው ራሱ "ይሄን እወስዳለሁ" ብሎ የተናገረው። የአራቱም የድሮ መግለጫ "የታካሚውን መድኃኒቶች ያመጣል" ከሚል ብዙም አይርቅም። ኤጀንቱ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ይጠራል። ምን ያድርግ? የሚለይበት ነገር አልሰጠነውም።

የሞከርኩበት ሰውዬ ሜትፎርሚን የሚባል የስኳር መድኃኒት ታዞለታል፤ ማዘዣው እስካሁን ንቁ ነው። በቀጠሮው ቀን ግን ለነርሷ "ሆዴን እየረበሸኝ ካቆምኩት ሁለት ሳምንት ሆነኝ" ብሏል፤ ሜትፎርሚን ደግሞ ሆድ መረበሹ የታወቀ ነው። ኤጀንቱ "ሜትፎርሚን እየወሰደ ነው" አለ። ሐኪሙ ይሄን ይዞ የስኳሩን ውጤት ቢያይ "መድኃኒቱ አልሠራለትም" ብሎ ሌላ ሊጨምርበት ነው። ሰውዬው ግን መድኃኒቱን አልዋጠም።

አራቱንም መግለጫዎች ጎን ለጎን አድርጌ ጻፍኳቸው። ለየብቻ ሲጻፉ ሁሉም ጥሩ ይመስላሉ። ጎን ለጎን ሲሆኑ ነው የሚምታቱት የሚታየው። ለእያንዳንዱ ሁለት ነገር ብቻ አስቀመጥኩ፤ የቱን ጥያቄ እንደሚመልስና የቱን እንደማይመልስ። የማዘዣው አሁን እንዲህ ይላል፦ "ሐኪም ያዘዘውን ያመጣል። ምን ታዟል ለሚል ጥያቄ ነው። ታካሚው መውሰዱን አያሳይም፤ ለዚያ 'ታካሚው_የተናገረው' የሚለውን ጥራ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ከነቀናቸው አቅርብ፣ አንዱን አትምረጥ።"

ስሞቹንም ቀየርኩ። "መድኃኒት_1" እና "መድኃኒት_ዝርዝር" የሚባሉ ነበሩ። አሁን "የታዘዘ"፣ "ከፋርማሲ_የወጣ"፣ "በነርስ_የተሰጠ"፣ "ታካሚው_የተናገረው" ናቸው። ስም ከመግለጫ በፊት ይነበባል። ስሙ ካሳሳተ መግለጫው ለማቃናት ይደክማል።

ቀን 7

ክሪያቲኒን፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ። "የመጨረሻው ስንት ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ ከሦስት ዓመት በፊት የነበረ ውጤት አመጣ። ሰርቨሩ በአንድ ገጽ 20 ውጤት ይሰጣል። በቀን እንዲደረደሩ ካልተጠየቀ ቅደም ተከተሉ ዋስትና የለውም። ኤጀንቱ ከላይ ያገኘውን "የመጨረሻው" አለው። አሁን መሣሪያው ሁልጊዜ ከአዲሱ ይጀምራል፣ መግለጫውም ይሄን ይናገራል። መልሱም ከላይ "ከ63ቱ 20ው" ይላል። ይሄ "ከ63ቱ" የሚለው ቃል ባይኖር ኤጀንቱ ቀሪውን ከየት ያውቃል? ለሱ ያልመጣው ገጽ የሌለ ገጽ ነው።

ሁለተኛው ችግር የመለኪያ ነው። ውጤቶቹ ከሁለት ላብራቶሪ የመጡ ናቸው። አንዱ በሚሊግራም በዴሲሊትር ይጽፋል፣ ሌላው በማይክሮሞል በሊትር። ኤጀንቱ 1.2 እና 106 የሚሉ ቁጥሮች አየና "ኩላሊቱ በአጣዳፊ ሁኔታ ተጎድቷል" ብሎ ማስጠንቀቂያ ጻፈ። ክሪያቲኒን ከመጀመሪያው መለኪያ ወደ ሁለተኛው ሲዞር በ88.4 ይባዛል። 1.2 ሲባዛ 106 ነው። ሰውዬው ምንም አልሆነም።

የሚገርመኝ፣ ኤጀንቱ 88.4ን ያውቃል። ብጠይቀው ይነግረኛል። መሣሪያችን ግን ቁጥሩን ብቻ ሰጥቶ መለኪያውን ቆርጦ ጥሎታል። አሁን ቁጥርና መለኪያ አይለያዩም። መሣሪያው ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ያዞራል፣ ላብራቶሪው የጻፈውንም እንደወረደ አጠገቡ ያስቀምጣል።

ቀን 9

ያጠፋሁት ጥፋት። ያገኘሁትን ሁሉ መግለጫው ውስጥ እየጨመርኩ የላቡ መሣሪያ አንድ ገጽ ተኩል ደረሰ። ክሪያቲኒን ምን እንደሆነ፣ ስኳር ከስንት በላይ ከፍተኛ እንደሚባል፣ ሁሉም አለ። ከዚያ 30ውን ጥያቄ ሳስሮጥ ቀድሞ የሚያገኛቸውን መሳት ጀመረ። መሀል ላይ የተጻፈውን የቀን አጻጻፍ ደንብ ይዘለዋል። የደም ግፊት ሲጠየቅ ስለ ስኳር ያወራል።

ቁጭ ብዬ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሄድኩበት። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ ይሄ ባይኖር ኤጀንቱ ሌላ መሣሪያ ይጠራል? መስኩን በስህተት ይሞላል? የመጣለትን መልስ በስህተት ያነባል? ሦስቱም "አይ" ከሆነ ሰረዝኩት። ከግማሽ በላይ ተሰረዘ። የሕክምና ትምህርቱ በሙሉ ሄደ፤ እሱን ያውቃል። የማያውቀው የቤታችንን አመል ነው፤ ግፊት በጥቅል እንደምናስቀምጥ፣ ማስታወሻ ውስጥ አለርጂ እንደሚደበቅ፣ ገጻችን 20 እንደሆነ።

"በጣም አስፈላጊ"፣ "በፍጹም"፣ "አደራ" የሚሉትንም አወጣሁ። አሥራ አራቱም መሣሪያ ሲጮህ ማንኛውም አይሰማም። አንድ ቦታ ብቻ ተውኩት፤ ነገ የምነካው የማዘዣ ረቂቅ ላይ።

ቀን 10

የሚጽፈው መሣሪያ። ስሙ "ማዘዣ_ፍጠር" ነበር። "የማዘዣ_ረቂቅ_አዘጋጅ" አልኩት። መግለጫው "ረቂቅ ያዘጋጃል፤ አያዝም። ሐኪም እስኪፈርምበት ድረስ ታዟል አትበል" ይላል። ግን ይሄን ለመግለጫ ብቻ አልተውኩትም። ኤጀንቱ ምንም ቢልክ ኮዱ ሁኔታውን "ረቂቅ" አድርጎ ነው የሚያስገባው። በኤምሲፒ አንድ መሣሪያ አንባቢ ብቻ መሆኑን ወይም የሚያጠፋ መሆኑን የሚያመለክት ምልክት አለ፤ እሱንም ሞላሁ። ጥቆማ እንጂ መቆለፊያ ስላልሆነ ግን አልተማመንኩበትም።

መጠን የሚሞላበት መስክ አንድ ጽሑፍ ነበር። ለሁለት ከፈልኩት፤ ቁጥርና መለኪያ። መለኪያው ከዝርዝር የሚመረጥ ነው፣ "ዩኒት" በሙሉ ቃል ተጽፎ። የአሜሪካ ሆስፒታሎችን የሚመዝነው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣው "አትጠቀሙባቸው" ዝርዝር ውስጥ ይሄ አለ። ከነጥብ በኋላ ያለ ትርፍ ዜሮ 1.0ን 10 ያስመስላል፤ ከነጥብ በፊት ዜሮ ከሌለ ግማሽ (.5) 5 ሆኖ ይነበባል፤ ዩኒትን በአንድ ፊደል ማሳጠር ደግሞ ፊደሉን ዜሮ ያስመስለዋል። ሲስተር ይሄን ሳነብላቸው "ኢንሱሊን ላይ ነው የሚብሰው" አሉ፣ ሌላም አልጨመሩ።

ቀን 11

የስህተት መልእክቶች። ጥሪው ልክ አይደለም ከማለት በቀር ምክንያቱን የማይናገረው "ስህተት 400" ኤጀንቱን ያንኑ ጥሪ ደጋግሞ እንዲሞክር ያደርገዋል። አሁን "ቀኑ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ሆኖ ይጻፍ፤ ለምሳሌ 2024-03-01" ይላል። በሁለተኛው ሙከራ ያስተካክላል።

የበሽታ ዝርዝሩም ላይ አንድ ነገር። ፋየር ለእያንዳንዱ በሽታ ምን ያህል እንደተረጋገጠ የሚያሳይ መስክ አለው። "ተጠርጥሮ የተነሳ" ሊሆን ይችላል፣ "ውድቅ የተደረገ"ም ሊሆን ይችላል። መሣሪያችን ስሙን ብቻ ይዞ ይመጣል። ኤጀንቱ ውድቅ የተደረገ የልብ ድካም ይዞ "የልብ ድካም አለበት" አለ። መስኩን ከስሙ ጋር አጣበቅኩት።

ቀን 13

ሊያልቅ ነው ብዬ ሲስተርን ጠራኋቸው። ሁሉንም መግለጫ አንድ በአንድ አነበቡ። ዋርድ ላይ ለአዲስ ነርስ የሚሰጥ ማስረከቢያ አድርገው ነው ያነበቡት፤ ልክ እንደዚያ እንዲነበብ ነበር የፈለግኩት።

የአለርጂው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። "እኔ ሁሉንም ካርድ አላይም" አሉ። "የአእምሮ ሕክምና ማስታወሻ ለሁሉም አይከፈትም። ይሄ ልጅ በእኔ ፈቃድ ገብቶ ቢፈልግ ምን ይመለስለታል?"

ሞከርኩት። ሰርቨሩ የተከለከለውን ደብቆ የቀረውን ይሰጣል፤ ደበቅኩ አይልም። ታካሚው ያለው የተደበቀ ማስታወሻ ብቻ ከሆነ የሚመጣው "አልተመዘገበም" ነው። ሦስት ነው ብዬ የቆጠርኩት የባዶ ትርጉም አራተኛ አለው።

የመጀመሪያ ሐሳቤ "የተደበቀ መዝገብ አለ" የሚል መልስ ማከል ነበር። ሲስተር ወዲያው ከለከሉኝ። "እንዲህ ካልክ እኮ ነገርክ። የአእምሮ ሕክምና እንዳለው ነገርክ።" ልክ ናቸው። መኖሩን መናገር ራሱ ምስጢሩን ማውጣት ነው።

ብዙ ተነጋገርን። የተስማማንበት ይሄ ነው። የተደበቀ ነገር ኖረም አልኖረም፣ በሁሉም መሣሪያ፣ ለሁሉም ታካሚ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መስመር ይመጣል፦ "ይህ መልስ የጠያቂው ፈቃድ የሚያሳየውን ብቻ ይይዛል።" ሁሉ ጋ ስላለ ማንንም አያሳጣም። ኤጀንቱም "የለም" ከማለት ይልቅ "በሚታየኝ መዝገብ ውስጥ አላገኘሁም" እንዲል ያደርገዋል።

በአለርጂው ላይ ብቻ ሞከርኩት፣ አባባሉን ቀየረ። ነገ በቀሩት 13 ላይ አክልና 30ውን ጥያቄ ከአንድ ጀምሬ አስሮጣለሁ። ሲስተር ሌላ አምስት ጥያቄ ጽፈው ሰጥተውኛል።